ደሙ ከማን ክንድ ተቀዳ

ሥራ የጀመርኩት በ2009 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ፣ ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ የግል የምርመራ ማዕከል ነበር። የኤምአርአይ ክፍሉ በር ላይ «ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ማንኳኳት ስላፈርኩ፣ ጽሑፉን ደጋግሜ የማነብ መስዬ ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩ።

የወጣው ጋሽ ደምሰው ነው። ዋናው የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት እሱ ነበር፤ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ የወጣትነት ዘመኑን በኤክስሬይ ጨለማ ክፍል ፊልም ሲያጥብ ያሳለፈ ሰው።

«አዲሷ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ምን አልሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ጋሼ። እርስዎ ደግሞ...»

«አንቱ አትበይኝ፤ ገና አላረጀሁም። የፀጉርሽን ማስያዣ አውልቂና ግቢ።»

የመጀመሪያው ትምህርቴ ስለ ብረት ነበር። ማሽኑ ማግኔት ነው፤ መብራት ቢጠፋም፣ ጄነሬተሩ ባይነሣም መሳቡን አያቆምም። ስለዚህ ከታካሚው ላይ ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ አምባር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሳንቲም እንለቅማለን። ለእኔ የከበደኝ የአንገት መስቀል ማስወለቅ ነበር። አንዲትን ትልቅ ሴት «መስቀልዎን ያውልቁ» ማለት አቅቶኝ ቆሜ ስቀር፣ ጋሽ ደምሰው መጥቶ መስቀሉን ከማተቡ ላይ ፈታና ለልጃቸው አስያዘ። «ማተቡ ይቀመጥ፤ ክር ማሽን አይጎዳም» አላቸው። እሳቸውም መረቁት።

የመጣሁት ከአዳማ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ሙያ ነው፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ አይወጣም። በኤምአርአይ ሥራ ደግሞ ድምፅ እንደ አንድ መሣሪያ ነው። ታካሚው ማሽኑ ውስጥ ብቻውን ተኝቶ፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ጩኸት ይሰማል፤ እኛ ከመስተዋቱ ወዲህ ሆነን በማይክሮፎን «አይንቀሳቀሱ፣ ሊያልቅ ነው» እንለዋለን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጡረተኛ ወታደር ከማሽኑ ወጥተው ጫማቸውን እያሰሩ፣ «ልጄ፣ ያ ሁሉ መንሾካሾክ ምን ነበር? የንስሐ አባቴ መስለሽኝ ኃጢአቴን ልዘረግፍልሽ ነበር እኮ» አሉኝ። ጋሽ ደምሰው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ስለ መድኃኒቱ ትንሽ ልናገር። እኛ ኮንትራስት እንለዋለን፤ ታካሚዎች «መርፌው» ይሉታል። ውስጡ ያለው ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ነው። ብቻውን ቢሆን ለሰውነት መርዝ ስለሆነ ከሌላ ውህድ ጋር ታስሮ ነው የሚዘጋጀው። በደም ሥር ሲሰጥ ዕጢና ቁስል ምስሉ ላይ ነጭ ሆነው ይጎላሉ። ከዚያ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ዓይነቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ብረቱን ዙሪያውን ከቦ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሁለተኛው አያያዙ ላላ ያለ ነው። እኛ ጋ የነበረው የላላው ነበር። አቅራቢው የሚያመጣው እሱን ነበርና ሌላ አማራጭ አልነበረንም።

ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ላይ መድኃኒቱ ሳይወጣ ይቆያል። ብረቱ ከእስሩ እየተፈታ ቆዳ ውስጥ ይቀመጣል። ቆዳው ይጠጥራል፤ መገጣጠሚያዎች ይያዛሉ። መድኃኒት የለውም። ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ስለዚህ ሕጉ ግልጽ ነበር። ኮንትራስት የታዘዘለት ሰው አስቀድሞ ደሙን ተመርምሮ የኩላሊቱን ውጤት ይዞ ይመጣል። ወረቀት ከሌለ መርፌ የለም። ጋሽ ደምሰው በሌላው ሁሉ ይቀልዳል፤ በዚህ አይቀልድም ነበር።

በዚያ ሰሞን ሌላም ነገር እናነብ ነበር። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ላይ እንኳ ጥቂት ጋዶሊኒየም አንጎልና አጥንት ውስጥ እንደሚቀር ተደርሶበታል። ጉዳት ስለማምጣቱ የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። መቅረቱ ግን ታወቀ። ኔትወርክ ሲገኝ በስልኬ አንብቤ ለጋሽ ደምሰው ነገርኩት።

«ሙሉ በሙሉ ይወጣል ስንላቸው ነበር እኮ» አልኩት።

«አብዛኛው ይወጣል።»

«የቀረውስ?»

«የቀረውን እኔና አንቺ አናስወጣውም። ውሃ ጠጡ በያቸው።»

ሰው ግን መርፌውን አይፈራውም፤ እንዲያውም ይፈልገዋል። አገሩ ሁሉ መርፌ ማለት ሕክምና ነው ብሎ ያምናል። በማሽን ገብቶ ሳይወጋ የወጣ ሰው የተታለለ ይመስለዋል። አንድ ቀን ከላንቴ የመጡ የሙዝ ነጋዴ ጉልበታቸውን ተነሥተው ሲጨርሱ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆመው ቀሩ።

«ጎረቤቴን ወግታችሁ እኔን እንዲሁ ትመልሱኛላችሁ?»

እንግዳ ተቀባያችን ብርቄ፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ጉልበት ነው፤ የእሷ ጭንቅላት ነበር። ለጉልበት አያስፈልግም» አለቻቸው።

«ጉልበቴ ከእሷ ጭንቅላት በምን ያንሳል? እሷ እኮ ሙዝ ወስዳ የምትቸረችረው ከእኔ ነው!»

ብርቄ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ ጋሞኛም ወላይትኛም ትችላለች። እኔና ጋሽ ደምሰው አንችልም። ይሁን እንጂ የእሷ ቦታ ውጭ መቀበያው ጋ ስለሆነ ወደ ውስጥ አትገባም ነበር። ከደጋ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ወይም የወንድም ልጅ ይዘው ይመጣሉ። እኛም ሁሉንም ነገር የምንጠይቀው ያንን ልጅ ነበር። ሥራው በዚህ ይፈጥናል።

አቶ አንጁሎን መጀመሪያ ያየኋቸው በዚያው ዓመት ሰኔ ሲገባ ነው። ከደጋው፣ ከኦቾሎ የመጡ ሸማኔ ናቸው። ራሳቸውን እያመማቸው፣ ዓይናቸውም እየጋረደ ስላስቸገራቸው አንጎላቸው በኮንትራስት እንዲነሣ ሐኪም አዟል። ይዟቸው የመጣው ልጃቸው ታዲዮስ ነው፤ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ የግንባታ ሥራ የሚሠራ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ወጣት። የላብራቶሪውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠን። የኩላሊቱ ውጤት ጥሩ ነበር። ጋሽ ደምሰው ስሙን ከማዘዣው ጋር አስተያየ፤ እንደገናም አስተያየ።

«ኩላሊት አሟቸው ያውቃል?»

«የለም» አለ ታዲዮስ።

«ደም ግፊትስ?»

«ትንሽ አለው። ኪኒን ይውጥ ነበረ፤ ተሻለኝ ብሎ ተወ።»

አባቱን ዘወር ብሎ አልጠየቀም። እኛም እንዲጠይቅ አልነገርነውም።

አቶ አንጁሎ የሰጠናቸውን ጋዋን ለብሰው ጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መብራቱ አቀረቡት። ከዚያ ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ታዲዮስ ሊነግረን አፈረ።

«ምን አሉ?» አለ ጋሽ ደምሰው።

«ይሄን የሸመነው ሰውዬ በዚያን ቀን ከሚስቱ ተጣልቶ ነበር ወይ ይላል።»

በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ጋሽ ደምሰው እየሳቀ የጎማ ማሰሪያውን አሰረ። ካኑላ የምንላትን ቀጭን የደም ሥር ቱቦ በመጀመሪያው ሙከራ አስገባ፤ የሸማኔ ክንድ ስለሆነ የደም ሥራቸው ገመድ ይመስል ነበር። እኔ ምስሉን አነሣሁ፤ እሱ መርፌውን ሰጠ።

አንጎላቸው ውስጥ ዕጢ አልነበረም። የምስሉ አንባቢ ራዲዮሎጂስታችንና ከማዕከሉ ባለቤቶች አንዱ የሆኑት ዶክተር ዮናታን፣ የቆየ የደም ግፊት ምልክት እንዳዩ ጻፉ። አቶ አንጁሎ ኪኒናቸውን እንደገና ጀመሩ፤ ራስ ምታቱም ተዋቸው። ታዲዮስ ከሳምንታት በኋላ በሞተር ሲያልፍ ቆሞ፣ «ሲስተር፣ መርፌዋ ጥሩ ነበረ! ራሱን ለቀቀው» ብሎኝ ሄደ። የኪኒኑ ሥራ ነው ልለው አስቤ፣ መንገድ ላይ መጮህ አፍሬ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ተመልሰው መጡ። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ከሰውነታቸው ግማሹ የተወሰደ ይመስላል። ታዲዮስ ደግፎ ነው ያስገባቸው። ማዘዣው ላይ «ሁለቱም እጆች አይታጠፉም፣ አይዘረጉም፤ የአንገት ነርቭ ይሆናል፤ አንገት በኮንትራስት» ይላል።

«ምን ሆኑ?» አልኩት።

«ከመስቀል ወዲህ እጁ እንቢ አለው። መወርወሪያውን ይወረውራል፤ በዚያኛው እጅ መያዝ አይችልም፤ ከእጁ ይወድቃል። አሁንማ መወርወርም ትቷል። ያቺን መርፌ ብትወጉት ይሻለዋል ብዬ ነው ሥራ ጥዬ ያመጣሁት።»

አቶ አንጁሎ ጋዋኑን ሲለብሱ ጨርቁን አላዩትም። ልጃቸው ነው ያለበሳቸው።

የላብራቶሪው ወረቀት እንደ ባለፈው ጊዜ ጥሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ካኑላ ማስገባቱን ጋሽ ደምሰው ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ማሰሪያውን ከክርናቸው በላይ አሰርኩና የደም ሥራቸውን በጣቴ ፈለግኩ። ጣቴ አልሰምጥም አለ። ቆዳቸው እንደ ተወጠረ ጠፍር ጠጥሮ ያብረቀርቃል፤ ልቆነጥጠው ብሞክር አይነሣም። የግራውን ክንድ አየሁ፤ ያው ነው። ጣቶቻቸው ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ቀርተዋል።

የደም ሥር እየፈለግኩ ታዲዮስን፣ «ላብራቶሪ ደም ሲቀዱ ብዙ አስቸገራቸው?» አልኩት።

«ምንም አላስቸገረ። አንዴ ወጋ፣ ወጣ።»

«በየትኛው ክንድ?»

«በዚህ» አለና የራሱን እጅጌ ሰብስቦ አሳየኝ። ክርኑ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ይሄ... ያንተ ክንድ ነው እኮ።»

«አዎ ሲስተር። አባቴ ደም የለውም። ጤና ጣቢያ መርምረው ደሙ ትንሽ ነው ብለዋል። ካለችው ላይ ከቀዱበት ምን ይቀረዋል? እኔ ወጣት ነኝ፤ በልቼ ጠጥቼ እተካለሁ።»

«ላብራቶሪው አልጠየቀህም?»

«አንጁሎ ብሎ ጠራ። የአባቴ ስም ነው፤ አቤት አልኩ። እጅ ስጥ አለ፣ ሰጠሁ።» ፊቴን አይቶ ግራ ገባው። «ምነው? የእኔ ደም ከእሱ አይደለም የመጣው?»

«ባለፈው ዓመትስ?»

«ያኔም እኔ ነኝ። ያኔም ጥሩ ነው ብላችኋል።»

በኩራት ነበር የነገረኝ። ማሰሪያውን ፈታሁት። ሲሪንጁ ትሪው ላይ ተሞልቶ ተቀምጧል። አነሣሁትና ከክፍሉ ይዤው ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እዚያ ትቼው መሄድ አልፈለግኩም።

ጋሽ ደምሰው መቆጣጠሪያው ጋ ተቀምጦ ነበር። የሆነውን ነገርኩት። መጀመሪያ ያልሰማኝ መሰለኝና ደገምኩለት።

«ወረቀቱን አይቼዋለሁ» አለ። «ያኔ ስሙን ሁለቴ አስተያይቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለቴ ነው ያየሁት፣ ምሕረት።»

ተነሥቶ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ባለፈው ዓመት መርፌውን የሰጠው እሱ ነበር። ቆይቶ ወጥቶ እጁን ታጠበ፤ የደም መቅጃውንም ራሱ ይዞ ገባ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከአቶ አንጁሎ ክርን ውስጠኛ ጎን ትንሽ ደም አገኘ። ታዲዮስ ከኋላው ቆሞ ይሟገት ነበር። «እኔ እያለሁ ለምን? ጌታዬ፣ እኔ እያለሁ ለምን እሱን?» ጋሽ ደምሰው ብልቃጡን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ላብራቶሪ አደረሰው።

ውጤቱን ስንጠብቅ አንገታቸውን ያለ ኮንትራስት አነሣናቸው። አንገታቸው ደህና ነበር፤ የተጫነ ነርቭ የለም።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ። ኩላሊታቸው ሊቆም የቀረው ጥቂት ነበር፤ ችግሩም የትናንት አይደለም። ዶክተር ዮናታን መጥተው የአቶ አንጁሎን እጆችና ቅልጥም በጣታቸው እየተጫኑ ብዙ ጊዜ መረመሩ። ከዚያ እኔንና ጋሽ ደምሰውን ቢሯቸው አስገብተው በሩን ዘጉ።

«የቆዳ ናሙና ተወስዶ ካልታየ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አሉ። «ግን የምታስቡትን ነው የማስበው። ደም አነሳቸው የተባለውም ከዚያው ነው። ኩላሊት ሲደክም ደም ያንሳል።»

ልጁ የሳሳላት ያቺ ትንሽ ደም ነበረች በሽታቸውን ልትናገር የምትችለው።

«ለሀዋሳ ሪፈር እጽፋለሁ፤ የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸዋል» አሉ ዶክተሩ።

«ለልጁስ ምን እንበለው?» አልኩ።

«ኩላሊታቸው ደክሟል እንለዋለን። እውነት ነው።»

«ስለ መርፌውና ስለ ደሙ ማለቴ ነው፣ ዶክተር።»

«ምሕረት፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ማድረግ ያለብንን አድርገናል። ደግሞስ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ? አባትህን እንዲህ ያደረግካቸው አንተ ነህ ልትይው ነው? አይጠቅመውም። ተዪው።»

ጋሽ ደምሰው መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስለ ልጁ ያሉት ከልባቸው ነው። ስለ ወረቀቱ ያሉትም እንደዚያው።

ሪፈሩን ለታዲዮስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነገ በጠዋቱ መኪና እንደሚሄዱ ነገረኝ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ሀዋሳም ደም ይቀዳሉ አይደል?» አለኝ።

«ይቀዳሉ።»

«ዛሬ እንቢ እያልኩ ወሰዳችሁበት፤ ይሁን። እዚያ ግን አላስነካውም። ዛሬ ማታ ደህና አድርጌ እበላለሁ።»

አባቱን ደግፎ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እዚያም የእሱን ደም ቢሰጥ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነበር። የዶክተሩን ደብዳቤ የያዘው ሐኪም አዲሱን ውጤት ያያል፤ ኩላሊቱ ጤነኛ ነው፤ የአርባ ምንጩ ስህተት ነው ይላል። አቶ አንጁሎ ያለ እጥበት ይመለሳሉ። መመለሳቸው ደግሞ ለመሞት ነው። ይህን ልጠራውና ልነግረው ይገባ ነበር፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም።

ብርቄ ልትወጣ ቦርሳዋን ስታነሣ ያዝኳት።

«ነገ በጠዋት መናኸሪያ ትመጪልኛለሽ?»

«ልትጠፊ ነው?»

«ለጋሞኛ ነው።»

ፊቴን አየችና «እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር። ሀዋሳ ላይ ደሙ ከአቶ አንጁሎ ከራሳቸው ክንድ ተቀዳ፤ እጥበትም ጀመሩ። ጥቂት ወራት ቆይተው ዐረፉ። እጃቸው እስከ መጨረሻው አልተዘረጋም። የሸማ ዕቃቸውን የወንድማቸው ልጅ እንደወሰደው ታዲዮስ ለብርቄ በስልክ ነግሯታል። ጋሽ ደምሰው በዚያው ዓመት ወደ ኤክስሬይ ክፍሉ እንዲመልሱት ጠየቀ፤ መለሱት። በኮንትራስቱ በኩል ማዕከሉ አጥብቆ የሚይዘውን ዓይነት ማስመጣት የጀመረው በኋላ ነው። እኔ አሁን የምሠራው በሌላ ከተማ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያው ገና አልሞላም ነበር። አባትና ልጅ የሀዋሳ ሚኒባስ አጠገብ፣ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ታዲዮስ ሲያየኝ፣ «ሲስተር! ወረቀት ረሳን?» ብሎ ተነሣ። አልረሳችሁም አልኩት። ከዚያ ከእሱ ይልቅ ወደ አባቱ ዞርኩ። አቶ አንጁሎ ፊት ቁጭ ብዬ፣ እኔ በአማርኛ፣ ብርቄ በጋሞኛ፣ ሁሉንም ነገርናቸው። መርፌው ምን እንደሆነ፣ ኩላሊት የደከመ ሰው ውስጥ እንደሚቀር፣ ደም የምንጠይቀው ለዚያ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመትም ዘንድሮም የመጣልን ደም የልጃቸው እንደነበር። ሀዋሳ የሚቀዳው ከእሳቸው ክንድ ካልሆነ ሕክምና እንደማያገኙም ነገርናቸው።

ታዲዮስ አማርኛውንም ጋሞኛውንም ሰምቷል። ሁለት ጊዜ ሰማው ማለት ነው።

«ስለዚህ እኔ ነኝ» አለ።

«መርፌውን የሰጠነው እኛ ነን። ደም አምጡ አልን፤ የማን ብለን አልጠየቅንም።»

«እኔ ነኝ እንጂ። እጄን ስሰጥ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር።»

የሚኒባሱ ረዳት «ሀዋሳ! ሀዋሳ!» እያለ በአጠገባችን አለፈ። አቶ አንጁሎ ልጃቸውን አይተው፣ ከዚያ እኔን አይተው አጭር ነገር ተናገሩ። ወደ ብርቄ ዞርኩ።

«ምን አሉ?»

«እንግዲያ ሁለቴ የታየው የልጄ ኩላሊት ከሆነ፣ ኩላሊቱ ደህና ነው ወይ፣ ነው የሚሉት።»

«ደህና ነው» አልኩ። «ሁለቴም ደህና ነው።»

ብርቄ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ሊነሡ ሞከሩ። የሚኒባሱን በር መያዝ ስላልቻሉ ታዲዮስ አቅፎ አነሣቸው። እያለቀሰ ነበር፤ እሳቸው ግን በጋሞኛ ይቆጡት ነበር። ብርቄ ያን አልተረጎመችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከመናኸሪያው በቀጥታ ሥራ ገባሁ። ለአባትና ለልጁ ሁሉንም መንገሬን ለዶክተር ዮናታን ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ወደ ቢሯቸው ገቡ። የመጀመሪያዋ ታካሚ ከምዕራብ ዓባያ ከባሏ ጋር የመጣች ሴት ነበረች። ባልየው የላብራቶሪውን ወረቀት ዘረጋልኝ። ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ብርቄን ከመቀበያው ጠርቼ፣ ደሙ ከማን ክንድ እንደተቀዳ ሴትዮዋን ራሷን እንድትጠይቅልኝ ነገርኳት።

«ከማን ይሆናል ደግሞ?» ብሎ ባልየው ሳቀ።

«እሷ ትንገረኝ» አልኩት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የተወጋችበትን ቦታ አሳየችኝ። ካየሁ በኋላ ወረቀቱን አነበብኩት።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። የላብራቶሪ ወረቀት የሚናገረው ስለ ደሙ ብቻ ነው። ደሙ የማን እንደሆነ ታካሚውን ራሱን፣ በሚሰማው ቋንቋ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።